አሜን የተባለበት ውሃ

ደብረ ብርሃን፣ ጥር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ፣

ደብዳቤዎን ሾፌሩ ናሲር መኪናውን እንኳ ሳያቆም በመስኮት አቀበለኝ። እርስዎም እማማም ላሚቱም ደህና መሆናችሁን አንብቤ ደስ ብሎኛል። እኔም ከብርዱ በቀር ደህና ነኝ። የዚህን አገር ብርድ ያውቁታል፤ እኩለ ቀን ላይም ጋቢ አያስወልቅም።

ለጥምቀት የቀረሁት ታምሜም ኮርቼም አይደለም። ሥራ ይዞኝ ነው። ሥራው ምን እንደሆነ ልነግርዎ አልፈለግሁም ነበር፤ ነገር ግን ከእርስዎ ተደብቆ የሚሆን አልሆነም።

ከመንደራችን በላይ ባለው ሜዳ ላይ በጋዝ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሊተክል የሚፈልግ ኩባንያ አለ። ጋዙ ከሩቅ በቦቴ እየተጫነ ይመጣል፤ እየነደደ ሞተሩን ያዞራል፤ ሞተሩ ሲግል ደግሞ በውሃ ይቀዘቅዛል። ይህ ከመሆኑ በፊት በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ተጠንቶ ፈቃድ ማግኘት አለበት። የጥናቱ ሰነድ ለቢሯችን መጣ። አለቃዬም «የመርሐቤቴ ልጅ ነሽ፣ አገሩን ታውቂዋለሽ» ብሎ ለእኔ ሰጠኝ። መርምሬ «ይፈቀድለት» ወይም «አይፈቀድለት» ብዬ አስተያየት የምጽፈው እኔ ነኝ።

ሰነዱ ወፍራም ነው። ስለ ጭሱም፣ ስለ ድምፁም፣ ስለ ወፎቹም ጽፈዋል። ከነዋሪው ጋር ስላደረጉት ምክክር የሚናገረው ገጽ ላይ ስደርስ የእርስዎን ስም አገኘሁት። እንዲህ ይላል፦ «የመስኖውን ውሃ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት አቶ ኪዳነ ‹ያሰባችሁትን ይሙላላችሁ፣ መንገዳችሁን ጨርቅ ያድርግላችሁ› በማለት ለፕሮጀክቱ ያላቸውን ሙሉ ድጋፍ ገልጸዋል። ተሰብሳቢውም በአንድ ድምፅ ‹አሜን› በማለት አጽድቆታል።»

አባባ፣ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ግን ፈራሁ። ኩባንያው ከመስኖው የሚጠይቀው ውሃ በክረምት ምንም አይደለም። በበጋ ግን ማሽኑ ከጠጣ በኋላ ለታችኛው የሽንኩርት ማሳ የሚተርፍ ውሃ አይታየኝም።

አባቴ መሆንዎን ለአለቃዬ ወዲያው ነገርኩት። «እንዲያውም ቀለለ፤ ጠይቂያቸዋ!» አለኝ። እነሆ ጠየቅሁ፦ ውሃውን ፈቅደውላቸው ነው ወይስ እንደ ወጉ ስብሰባው ሲያልቅ መርቀው ብቻ ነው የሸኟቸው? አንድ መስመር ይበቃኛል። የስልኩ ማማ ከተበላሸ ወዲህ ሌላ መገናኛ የለንምና በናሲር ይላኩልኝ።

ልጅዎ መቅደላዊት


አጋም ውሃ፣ ጥር 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለመቅዲ፣

በዚያ ብርድ ውስጥ ጠብቆ ያቆየሽ አምላክ ስሙ ይመስገን። እኛ አለን። እናትሽ ወገቤን ትላለች፣ እኔ ጉልበቴን እላለሁ፣ ላሚቱ ምንም አትልም፤ ከሁላችንም የተሻለች እሷ ናት።

ሽንኩርቱ ዘንድሮ ጥሩ ይዟል። ውሃውም እስካሁን አልሳሳም፤ ተራውን በቀንና በሌሊት ከፍዬ እያዳረስኩ ነው። ከላይ ማሳ ያላቸው እንደ ልማዳቸው ያጉረመርማሉ፣ ከታች ያሉት እንደ ልማዳቸው ይከስሳሉ፣ እኔም እንደ ልማዴ ሁለቱንም እቆጣለሁ። አባቴም እንዲህ ሲያደርግ ነው ያረጀው።

አጥኚዎቹ መምጣታቸው እውነት ነው። ኅዳር ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ዋርካ ሥር ተሰብስበን አነጋገሩን። አለቃቸው ፍሬአብ የሚባል ጎረምሳ ነው፤ ጨዋ ልጅ። መኪናው አልወጣ ብሎት ዳገቱን በእግሩ ሲወጣ ላብ አጥምቆት ነበር። በቅል ውሃ ሰጥቼው ሲጠጣ አንጀቴን በላው። ስለ ጋዙም ስለ ሞተሩም ብዙ ተናገረ። ሰዉ የጠየቀው ግን መብራቱ መቼ ይገባል ብሎ ብቻ ነው። ውሃን እሱም አላነሳ፣ እኛም አላነሳን። እናትሽ ከዚያ ቀን ወዲህ አምፖሉ የትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚሆን ስታማርጥ ትውላለች።

ደብዳቤሽን ባለፈው እሁድ ሰንበቴ ላይ ለተቀመጠው ሰው አነበብኩት። ልጄ የምትመረምረውን ሰነድ ይስሙ ብዬ ነው። አሜናቸው ማጽደቅ ተብሎ መጻፉን ሲሰሙ ሳቁ። ሀዲስ ብቻ አልሳቀም። የሀዲስ ማሳ ከሁላችን በታች፣ ውሃው የሚያልቅበት ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሳቅም እንደ ውሃው ዘግይቶ ነው የሚደርሰው ብዬ ቀለድኩበት፤ አሁንም አልሳቀም።

የጠየቅሽኝን በሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነውና ላስብበት።

አባትሽ ኪዳነ


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎ አባቴ፣

የላኩልኝ ሽንኩርት ደርሶኛል፤ ጎረቤቶቼ ሁሉ መርቀውዎታል።

አባባ፣ ምነው ደብዳቤዬን ሰንበቴ ላይ አነበቡት? እኔ ለእርስዎ ብቻ ነበር የጻፍኩት። አቶ ሀዲስ ያልሳቁት ስለ ዘገየባቸው አይመስለኝም። ገብቷቸው ነው።

መብራቱን ከጠየቁኝ አልዋሽዎትም። ከማመንጫው የሚወጣው ኃይል ለፋብሪካ ነው የሚሄደው። ሽቦው በመንደራችን ላይ ያልፋል እንጂ አይወርድም። ለእማማ እርስዎ ይንገሩልኝ፤ እኔ ለመጻፍም ጨነቀኝ።

አለቃዬ መጋቢት ሳይጋመስ መልስ ይፈልጋል። ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱንም ከላይ ይጠይቁታል። እኔ በራሴ «ምርቃት ፈቃድ አይደለም» ብዬ ብጽፍ ኩባንያው «የአባቷን ማሳ ለማዳን ነው» ይላል። ዝም ብል ሰነዱ እንዳለ ያልፍና በሚመጣው ዓመት ማሽኑ ይተከላል። በእርስዎ ስም አባባ! ልጅ የልጅ ልጅ «ውሃችንን የሸጠው ኪዳነ ነው» ሲል ይታየኛል።

ስለዚህ እንዳይቸገሩ ቃሉን እኔው አዘጋጅቼልዎታለሁ፤ ከዚህ ጋር ባለው ወረቀት ላይ ይፈርሙበትና ይመልሱልኝ። «በስብሰባው መጨረሻ የተናገርኩት ለወጉ ያህል እንጂ ትርጉም ያለው ንግግር አልነበረም» ይላል። ሌላ ምንም አይጠየቁም።

እባክዎን ቶሎ ይላኩልኝ። እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ልጅዎ መቅደላዊት


አጋም ውሃ፣ የካቲት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለመቅደላዊት፣

ጾሙ በሰላም አስጀምሮናል፤ በሰላም ያስጨርሰን። በቁጣ እንዳልጽፍ ብዬ ወረቀትሽን አሰንብቼ ነው የመለስኩት። አልፈረምኩበትም።

ትርጉም የለውም! አንቺ ነሽ ይህን የጻፍሽው? ዩኒቨርሲቲ የገባሽ ጊዜ ዓለም ከተማ መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼሽ፣ መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ረዳቱ እየጮኸብኝ፣ በመስኮቱ እጄን አስገብቼ ራስሽ ላይ ጭኜ የተናገርኩት ነገር አለ። እሱም ለወጉ ነበር? የሀዲስን ልጅ ስንድር የመረቅሁትስ? ልጅ አጥታ የኖረችው አመተሥላሴ ማኅበር ባወጣች ቀን መርቄያት በዓመቱ ክርስትና ስታስነሳ «ያንተ አፍ ነው» ብላ ፊቴ ላይ አልቅሳለች። ሄጄ «እሱም አየር ነው» ልበላት? ይህን ከፈረምኩ ከእንግዲህ በእኔ ምርቃት ማን አሜን ይላል?

እንግዳ መጣ፣ አነጋገረን፣ ሊሄድ ተነሣ። ትልቅ ሰው ሆኜ ሳልመርቅ ልሸኘው ነበር? ልጁን ወድጄዋለሁ። ደህና እንዲገባ፣ እንዲያልፍለት ከልቤ ነው የተመኘሁት። የመረቅሁትን አላነሳም። ደግሞ ሀዲስም አሜን ብሏል፤ ከሁሉም የሱ ድምፅ ይበልጥ ነበር።

ታዲያ ፈቃድ ነው ብዬ እንድፈርምም አትጠብቂ። እሱንም አልልም። ስለዚህ ለአለቃሽ የምመልሰው ነገር የለኝም። ያለ መልስ መኖር ይልመድ።

እናትሽ ግድግዳ ማማረጧን ትታለች።

ኪዳነ


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባቴ፣

ይቅር ይበሉኝ። ያን ወረቀት ስጽፍ ምን እንደ ነካኝ አላውቅም። ቢሮ ውስጥ ሲዋል ሰው የራሱን ቋንቋ ይረሳል መሰለኝ። መናኸሪያው ላይ የመረቁኝን አንድም ቃል አልረሳሁም። ፈተና ላይ ስቀመጥ እንኳ እሱን እያልኩ ነበር።

የአለቃዬን ነገር ይተዉት። እኔ የምጨነቀው ስላልነገሩኝ ነገር ነው። ናሲርን ሻይ ጋብዤ አወጣጣሁት። ገበያ ሲገቡ ሰዉ መቀመጫ እንደማይለቅልዎ፣ አቶ ሀዲስ «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል» ብለው በአደባባይ እንደ ተናገሩዎ፣ እርስዎ ተራ ያወጡለት ውሃ ሌላ ሰው ማሳ ውስጥ እያደረ መሆኑን ነገረኝ። እርስዎ ግን የጻፉልኝ ስለ ሽንኩርቱ መልካምነት ነው። የራስዎ ማሳ ስንት ጊዜ ሳይጠጣ ቀረ? እሱን ናሲርም አያውቅም።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ደብዳቤዬን ባልጽፍ ማንም አይሰማም ነበር። ደግሞ ባልጽፍ ማሽኑ ድንገት ይመጣባችሁ ነበር። እያገላበጥኩ አስበዋለሁ፣ መውጫ አላገኘሁለትም።

የኩባንያው ሰዎች ትናንት ቢሮ መጥተው ነበር። ትሑቶች ናቸው፤ ኬክ ሁሉ ይዘው ነው የመጡት። «የእርስዎ አባት እኮ ባርከውናል» አሉኝ እየሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ኬኩን ግን እንደ ተጠቀለለ መልሼ አስያዝኳቸው። ሰነዱን ለሌላ ሰው ልስጠው ብዬም አስቤ ነበር። የሚረከበኝ ልጅ ግን ገና ጀማሪ ነው፤ «ሙሉ ድጋፍ» የሚለውን አንብቦ ያሳልፈዋል።

የአካባቢው ሰው በእርስዎ ላይ እንዲህ ከሆነ ለጊዜው እኔ ጋ መጥተው ይረፉ። ሊመጡ ይችላሉ?

መቅዲ


አጋም ውሃ፣ የካቲት 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተወደድሽ መቅደላዊት ኪዳነ፣

ሰላመ እግዚአብሔር ወትረ ከአንቺ ጋር ይሁን። አባትሽ ዓይናቸው ስለ ደከመ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ዲያቆን ገብረ አማኑኤል ነኝ፤ ቃሉ ግን የእሳቸው ነው።

በመጨነቅሽ ማዘናቸውንና ይቅርታሽን መቀበላቸውን ይገልጻሉ። ውሃው በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል። ሰዉም በፍቅር ይኖራል። ወደ ደብረ ብርሃን ይምጡ ስላልሽው ነገር፣ ጾሙን በደብራቸው መፈጸም ስለሚፈልጉ አይመቻቸውም። አንቺም በአሁኑ ወቅት ወደዚህ ለመምጣት እንዳትነሺ አጥብቀው ያሳስባሉ፤ መንገዱ ጥሩ አይደለም። ናሲር ስለ ሌላ ነገር ቢያወራሽ ወሬ አታብዢበት ይላሉ።

እናትሽ ወይዘሮ ወለተኪዳን ሰላም ብለውሻል። እኔንም በጸሎትሽ አስቢኝ።

ስለ አቶ ኪዳነ፣ ገብረ አማኑኤል


ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

አባባ፣

ዓይንዎ አልደከመም። ባለፈው ወር የጻፉት ደብዳቤ ፊደሉ እንደ ተልባ ነበር። ናሲር ደብዳቤውን ሲሰጠኝ «አባትሽ ደህና ናቸው፣ እጃቸውም ቢሆን ደህና ነው» አለኝ። ስለ እጅዎ ማን ጠየቀው? ሲጨንቀው ተሰብሮ አንገትዎ ላይ እንዳንጠለጠሉት ነገረኝ። ማን እንደ መታዎት ግን አላውቅም ብሎ ማለ።

ማነው? አቶ ሀዲስ ናቸው? ሆን ብለው ነው? ወጌሻ አየዎት ወይስ እንዲሁ አስረውት ነው? ዲያቆኑ «ሰዉ በፍቅር ይኖራል» ብሎ ሲጽፍ እጁ አልተያዘም?

ዛሬ ጠዋት ልብሴን ይዤ መናኸሪያ ሄጄ ነበር። ወደ እናንተ የሚሄድ መኪና ለጊዜው ቆሟል አሉኝ። ናሲር ብቻ ነው ነገ ጭነት ይዞ በሌላ በኩል ዞሮ የሚሞክረው፤ ሴት አልጭንም አለኝ፣ ብለምነውም እምቢ አለ። ይህችን ደብዳቤ ግን ተቀበለኝ።

የጠየቅሁዎትን ይርሱት። አንዲት መስመር አልፈልግም። አለቃዬም የፈለገውን ይበል፣ ማሽኑም የፈለገውን ይጠጣ። እርስዎ ደህና ይሁኑልኝ እንጂ። ፈርቻለሁ አባባ። እውነቱን ይጻፉልኝ፤ ሌላው ይቅር፣ እውነቱን ብቻ።

መቅዲ


አጋም ውሃ፣ መጋቢት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ መቅዲ፣

ይህንንም ዲያቆን ገብረ አማኑኤል ነው የሚጽፈው። ዛሬ ግን ያልኩትን እንዳልኩት እንዲጽፍ አስምዬዋለሁ፤ ግዕዝ ከጨመረ ወረቀቱን እቀደዋለሁ ብዬዋለሁ።

እጄ ተሰብሯል። ወጌሻው በቀርከሃ አስሮታል፣ እየዳነ ነው። ሆን ብሎ የመታኝ የለም፤ ሀዲስማ በዚያ ቀን እዚያ አልነበረም። ሁለት ጎረቤታሞች በውሃ ተራ ዱላ ሲማዘዙ መሃል ገባሁ። ዱሮ እኔ መሃል ስገባ ዱላው እዚያው በአየር ላይ ይቀር ነበር። ዘንድሮ አልቀረም። ከእጄ ይልቅ ያመመኝ እሱ ነው።

ተኝቼ ብዙ አሰብኩ። አንቺም እውነቱን ብቻ ብለሻልና ልንገርሽ። የደብረ ዘይት ዕለት ቅዳሴ ሲያልቅ ሰዉን ዋርካው ሥር አስቆምኩት። «እንግዶቹን መርቄያለሁ፤ ከልቤ ነው፣ አላነሳውም» አልኳቸው። «አፌ የእኔ ነው፤ ውሃው ግን የእኔ አይደለም። የውሃ አባት ብላችሁ ያስቀመጣችሁኝ እንዳዳርሰው እንጂ እንድሰጠው አይደለም። እኔ እዚህ ወንበር ላይ እስካለሁ ግን አፌንና ውሃውን የሚለይ የለም፤ እናንተም አልለያችሁ፣ የጻፉትም አልለዩ። ስለዚህ ወንበሩን ለቅቄያለሁ። ሌላ የውሃ አባት ምረጡ።»

አንድ ሰው እንኳ «ቆይ እንጂ ኪዳነ» ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ጠብቄ ነበር። የለም። ሀዲስን መረጡት። ምርጫቸው ጥሩ ነው፤ የውሃ እጦትን ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

እንግዲህ መልሴን ጻፊ፦ ኪዳነ የመረቀው ሰዎቹን ነው፣ የመረቀውም ከልቡ ነው። ውሃውን ግን አልሰጠም፤ ሊሰጥም አይችልም ነበር። ውሃውን የፈለገ የአጋም ውሃን ሰው ሁሉ ቁርጡን ነግሮ ይጠይቅ። ቀኝ እጄ ታስሯልና በግራ አውራ ጣቴ ፈርሜበታለሁ። ሀዲስና ዲያቆኑ ምስክር ሆነውበታል። ሀዲስ ሲፈርም ቀና ብሎ አላየኝም።

ቤታችን ከአያትሽ ጀምሮ የውሃ አባት ቤት ነበር። እናትሽ ሰሞኑን ቀስ ብላ ነው የምታናግረኝ፣ እንደ ታመመ ሰው።

አባትሽ ኪዳነ


ደብረ ብርሃን፣ መጋቢት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክቡር አባቴ፣

ደብዳቤዎን አለቃዬ ፊት ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። «ቆይ እንጂ ኪዳነ» የሚለው ላይ ስደርስ ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ተቀበለኝና ለራሱ ጨረሰው። ከዚያ «ሰነዱን አምጪው» አለኝ።

ሰነዱ ተመልሷል። አልተፈቀደም፣ አልተከለከለምም። ሕዝቡ እንደገና ይጠየቅ፣ ስለ ውሃው ተለይቶ ይነገረው፣ ሞተሩ በበጋ ያለ ውሃ በነፋስ የሚቀዘቅዝበት መንገድም ይጠና ብዬ ጻፍኩ፤ አለቃዬም ፈረመበት። ኩባንያው ልጅዎ መሆኔን ጠቅሶ አቤት ብሏል። አለቃዬ «ጥፋት የለብሽም፤ ነገር ግን ሥራው እንዳይነቀፍ» ብሎ ከጉዳዩ አንስቶኛል። አሁን የድንጋይ ካባዎችን አቧራ ነው የምመረምረው። ስለዚህ ስብሰባው ላይ መገኘት አይፈቀድልኝም። ከፋሲካ በኋላ ይደረጋል ተብሏል፤ የሚመጣውም ያው ፍሬአብ ነው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። አንድ መስመር ስጡኝ ብዬ የአያቴን ወንበር ወሰድኩብዎ። የሥራ ባልደረቦቼ «ጎበዝ» ሲሉኝ ፊቴን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል።

ምን እንደ ተባለ ሳይደብቁ ይጻፉልኝ። ኩባንያው ተቆጥቶ ይሆን፣ ሰዉ ፈርቶ ዝም ይል ይሆን እያልኩ እዚህ እቃጠላለሁ። እርስዎስ ይናገራሉ?

ልጅዎ መቅደላዊት


አጋም ውሃ፣ ግንቦት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለመቅዲ፣

ፊደሌ ቢንጋደድ አትሳቂ፤ እጄ ከተፈታ ወዲህ በራሴ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ፋሲካን በደህና ፈስከናል። አንቺ ባትኖሪም ድርሻሽ ተበልቶልሻል።

ስብሰባው ባለፈው ሳምንት ተደረገ። ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ፍሬአብ ቀድሞ የተናገረው ስለ ውሃው ነው፤ ስንት እንደሚወስዱ፣ በየትኛው ወር እንደሚከፋ ሳይሸሽግ ነገረን። ያኔም ቢጠየቅ ይነግረን ነበር መሰለኝ። ሀዲስ ተነሣና «ከሰኔ እስከ መስከረም ውሰዱ፣ አንጠላም። በበጋ ግን አንዲት ጠብታ አንሰጥም። ሞተራችሁን በነፋስ ማብረድ ከቻላችሁ ኑ፣ ካልቻላችሁ አትምጡብን» አለ። እኔ እንደዚያ አድርጌ አልናገረውም ነበር። ሴቶቹም ተናገሩ፤ እናትሽ ሽቦው ካለፈ አይቀር ለምን አይወርድልንም ብላ አፋጠጠችው። ሁሉንም ጻፈ። የጻፈውንም መልሶ አነበበልን፣ ልክ ነው አልን። እንግዲህ ኩባንያው በነፋሱ ይስማማ አይስማማ ገና አይታወቅም። ውሃችን ለጊዜው አለ።

እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር፤ አንድም ቃል አልተናገርኩም።

ቀጥሎ የሆነውን ነው ልነግርሽ የፈለግሁት። ነገሩ አለቀና እንግዶቹ ተነሡ። ሰዉም ተነሣ። የሚመርቅ ጠፋ። ሀዲስ ወንበሩ የሱ ነውና ሁሉም ወደ እሱ አየ። እሱ ከንፈሩን ነከሰ። እንዳይጻፍበት ፈርቶ ነው፤ ፍርሃቱን ከፊቱ አነበብኩት። ቀሳውስቱም መሬት መሬት አዩ። ፍሬአብ ባርኔጣውን አውልቆ፣ ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከትቶ ቆሞ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ምን እንደ ሆነ አውቃለሁ። ባለፈው ጊዜ ደስ ብሎት ነበር።

ዞሮ ዞሮ እኔን አየኝ። ከወንበሩ ብወርድም ትልቅ ሰው ነኝ፤ አፌ የእኔ ነው ብዬ የፎከርኩትም እኔው ነኝ። አፌን ከፈትኩ መቅዲ። አልወጣ አለኝ። እጄን የመታኝ ዱላ ትዝ አለኝ፣ የአንቺ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ሀዲስ «በሉ እንግዲህ» አለና ሰዉ ተበተነ። ልጁ ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀና ቁልቁል ወረደ። በዕድሜዬ ከአጋም ውሃ እንግዳ ሳይመረቅ ሲወጣ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ። በጣም አፈርኩ።

ባለፈው እሁድ ደግሞ ሰንበቴ ላይ አባ ሲመርቁ ሰዉ አሜን ከማለቱ በፊት ግራ ቀኙን ሲያይ ተመለከትኩ። ድምፁም ቀጥኗል። ውሃችን ተረፈ፣ ይኼ ግን ሄደብን። ጥፋቱን የማን ልበለው? የአንቺ አይደለም፤ ይህን እንዳታስቢ። የልጁም አይደለም፤ ያየውን ነው የጻፈው። የእኔም አይመስለኝም። ግን ሄደ።

አንቺን ግን ሳልመርቅ አላድርም። የምትናገሪው ይሰማልሽ፣ እጅሽ የነካው ይባረክ፣ ክፉ ዓይንና ክፉ ቀን ይለፍሽ፣ ወጥተሽ በሰላም ግቢ። ጮክ ብለሽ አሜን በይ። እኔና አንቺ ብቻ ነን፤ የሚጽፍ የለም።

አባትሽ ኪዳነ